በእኔ ልክ የተሠራ ወንበር

እኔን የላኩኝ ምላስ አላት ብለው ነው። እንዲህ ያለ ሙገሳ ለጠላቴም አይግጠመው።

ናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም ውስጥ ፀጉር ቤት አለኝ። ፀጉር ሠሪ የሰው ጭንቅላት ይዛ ስለምትውል ውስጡ ያለውንም አብራ ትሰማለች፤ ከእድራችን የታመመ፣ የተጣላ፣ ሊሄድ ያሰበ ካለ ቀድሞ የሚደርሰው ለእኔ ነው። በፈረንጆቹ 2003 ኅዳር ላይ ግን፣ አንድ ሐሙስ፣ የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ታመነ ራሱ ወሬ ይዞ መጣ። ደንበኛዬ እስክትወጣ በሩ ሥር ቆሞ ጠበቀ።

“የዓምደሚካኤል እናት ዐረፉ” አለኝ። “ከትናንት በስቲያ ተቀብረዋል። እሱ አልሰማም።”

ዓምደሚካኤል ጄኔሬተር ጠጋኝ ነው። በፈረንጆቹ 1991 የደርግ ሠራዊት ሲበተን በሞያሌ በኩል ወጥቶ ናይሮቢ ገባ። ከፓርክላንድስ እስከ ዌስትላንድስ መብራት በጠፋ ቁጥር የሚጠራው እሱ ነበር፤ እድሩ ውስጥም ድንኳን የሚተክለው፣ ሬሳ የሚሸከመው እሱ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ማሊንዲ፣ ባሕሩ ጥግ ያለ የቱሪስት ሆቴል ቀጠረውና ወደዚያ ወረደ። እኔና እሱ የጉለሌ ልጆች ነን። እናቱ ጥጥ ፈታይ ነበሩ፤ ልጅ ሆኜ በደጃቸው ሳልፍ ቆሎ ሳይዘግኑልኝ አያሳልፉኝም። እናትና ልጅ ከተለያዩ አሥራ ሁለት ዓመታቸው ነው። ወረቀቱ ገና ዘንድሮ ተስተካክሎለት፣ ለጥምቀት ሊያያቸው ፈቃድ አስሞልቶ ቀን ይቆጥር ነበር።

“ታዲያ ደውሉለት” አልኩ።

“በስልክ? ሰው አጠገቡ ሳይኖር? ያለው እኮ ባሕር ላይ ነው፣ እታገኘሁ። ሰምቶ ራሱን ቢጥልስ?”

ወጋችን ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ብቻውን ላለ ሰውም አይነገርም። ማልዶ፣ ወገን ተሰብስቦ፣ ግራና ቀኝ የሚይዝ ሰው ቆሞ ነው። እስከዚያ ድረስ አገር ሁሉ ያውቃል፣ ባለቤቱ ብቻ አያውቅም። እኔም ስንቱን ሰው በዚህ ወግ ሳረዳ ኖሬያለሁ። ትክክል አይደለም ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

“ብንጠራው ሥራ በዝቷል ይላል፤ ወይም ይጠረጥራል። አንቺ ሂጂና ይዘሽው ነዪ። ሐሊና ልትዳር ነው፣ ያላንተ አይሆንም ብለዋል በዪው” አለኝ። ሐሊና የራሱ የጋሽ ታመነ ልጅ ናት። በእርግጥም ታጭታለች፤ ሠርጉ ግን ለፋሲካ ማግሥት ነበር።

እኔም እሺ አልኩ። ይኸውና፣ እሺ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ማንም ክንዴን አልጠመዘዘኝም።

እንደምመጣ ሆቴሉ ደውዬ ነግሬው ስለነበር፣ ዓርብ ማሊንዲ ስደርስ ከማታቱው ሚኒባስ በር ላይ ሻንጣዬን ተቀበለኝ። ጠቁሯል፣ ወፍሯል፣ ሸሚዙ የተተኮሰ ነው። “ጉለሌ መጣችልኝ!” ብሎ አቀፈኝ። ሠርጉን ነገርኩት፤ ደስታው ወሰን አጣ። የእሑድ ተራውን ጨርሶ ማታ አውቶቡስ ልንይዝ፣ ሰኞ ጠዋት ናይሮቢ ልንገባ ተስማማን። እኔ ለጋሽ ታመነ ደውዬ “ሰኞ በማለዳ” አልኩት።

እስከዚያ ሦስት ቀን አለ። የዚያን አገር ሰው ሁሉ እየዞረ አስተዋወቀኝ።

እዚያ ሰላምታ እንደኛው ረጅም ነው። የሥራ ዜና፣ የቤት ዜና፣ የጤና ዜና ይጠየቃል። ለዓምደሚካኤል ግን ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። “ሀባሪ ያ ማማ?” እናትህስ እንዴት ናቸው? የሆቴሉ ዘበኛ ይጠይቀዋል። አሸዋው ላይ ዛጎል የምትሸጠዋ ትጠይቀዋለች። ጣሊያን ቱሪስቶችን በጀልባ የሚያዞሩት ወጣቶች ከሩቅ ይጮሁለታል። እሱም ለእያንዳንዱ ቆሞ “ንዙሪ፣ ደህና ናት፣ በጥር ላያት ነው” ይላል። እኔ ጎኑ ቆሜ ጫማዬን አያለሁ።

ባካሪ የሚሉት ፈንዲ፣ የእጅ ባለሙያ ነበር፤ ጀልባ ይጠግናል። ቅዳሜ ከሰዓት እሱ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ከዕንጨቱ ዓይኑን ሳያነሣ ያወራል። “ይህ ወንድምሽ” አለኝ፣ “ከባሕር ማዶ አገር የመጣ መስሎኝ ነበር፤ ለካ አገራችሁ ባሕር የለውም። የመጣ ቀን እስከ ጉልበቱ ገብቶ ቆመና ‘እናቴ ይህን ሳታይ አትሞትም’ አለ። እኛ ሳቅንበት። እናት ወደ ባሕር ትመጣለች እንዴ፣ ልጅ ነው እንጂ ወደ እናት የሚሄደው።”

“ይሳቁ” አለ ዓምደሚካኤል። “ለጥምቀት ሄጄ ይዣት እመጣለሁ። ጉልበቷ ብቻ ይበርታ።”

አሳ ጠብሳ የምትሸጠዋ ማማ ምዋናሻም እዚያው ነበረች። ትልቅ ሴት ናት፣ ድምፅዋ ወፍራም። ባሏን ባሕር እንደበላው ስትነግረኝ የገበያ ዋጋ የምታወራ ትመስላለች። “ባካሪ ነው የነገረኝ። ከጀልባ ወርዶ፣ ልብሱ ሳይደርቅ፣ አሳ እየጠበስኩ መጥቶ ‘ምዋናሻ፣ ባልሽ ሞቷል’ አለኝ። በያዝኩት ማማሰያ ፊቱን አልኩት። ያውና ጠባሳው።” ባካሪ ግንባሩን አሳየኝ፤ እውነትም አለ። “ከዚያን ቀን ጀምሮ ምሳው ከእኔ ነው። ለምን ብትይ፣ ሌላ ሰው ቢሆን እስከ ማታ እያባበለ ያቆየኝ ነበር። እኔም እስከ ማታ ለሞተ ሰው ምግብ ሳዘጋጅ እውል ነበር።”

ዓምደሚካኤል ይህን ቃል በቃል ተረጎመልኝ። ስዋሂሊዬ ደካማ መስሎት ነው እንጂ ሁሉንም ሰምቻለሁ።

ያን ጊዜ ልነግረው አፌ ተከፍቶ ነበር። ግን ጋሽ ታመነ ራሱን ቢጥልስ ያለው ትዝ አለኝ፤ ባሕሩም እዚያው ነው፣ ሃያ እርምጃ። ሆድ ይፍጀው ብዬ አሳዬን በላሁ።

እሑድ ጠዋት ወደ ስልክ ቤቱ ሄደ። ሁልጊዜ እሑድ ለእናቱ ይደውላል። እኔ በር ላይ ቆምኩ። አዲስ አበባ ያለች እህቱ እህተማርያም እንደምታነሣው አውቃለሁ፤ ምን እንደምትለው ግን አላውቅም። ስልኩ ላይ ትንሽ ቆየና ወጣ። ፊቱ በርቷል።

“ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች!” አለኝ።

“ማን?” አልኩት፣ እንደ ጅል።

“እናቴ ነቻ! እታገኘሁ፣ ዓመት ሙሉ ከአልጋ እስከ በር ሰው ይዟት ነበር የምትሄደው። ዛሬ በእግሯ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች።” ዓይኑ እንባ አቀረረ። “ጸበሉ ነው። ነግሬያት ነበር እኮ።”

እህተማርያምን አልፈርድባትም። ድንገት ጠየቃት፣ እሑድ ነው፣ አፏ ላይ የመጣላትን ተናገረች። የማያምኑትን ውሸት ብትነግረው እንኳ ይሻል ነበር፤ እሷ የነገረችው ዓመት ሙሉ ሲለምነው የኖረውን ነው።

ከስልክ ቤቱ እስከ ባካሪ ጥላ ድረስ ላገኘው ሁሉ ተናገረ። ዘበኛው ጨበጠው። ማማ ምዋናሻ እልል አለች። ባካሪ መጋዙን አስቀመጠና “እንግዲያው የምር ትመጣለች ማለት ነው። አሸዋ ላይ የምትቀመጥበት ያስፈልጋታል” አለ። ዝቅ ያለ፣ መደገፊያ ያለው፣ እግሩ አሸዋ ውስጥ የማይሰምጥ ወንበር። ለጉልበት የማይከብድ።

“ቁመቷ ስንት ነው?” ሲለው ዓምደሚካኤል ወደ እኔ ዞረ። “እታገኘሁን ታክላለች። እስኪ ቁጭ በዪለት።”

ሣጥን ላይ አስቀመጡኝ። ባካሪ በገመድ ከጉልበቴ እስከ ተረከዜ ለካ፣ ወገቤን ለካ፣ ጀርባዬን ለካ። ዓምደሚካኤል “እሷ ትንሽ ትጎብጣለች፣ ጎበጥ በዪ” አለኝ፤ ጎበጥኩ። ማማ ምዋናሻ ከምጣዷ ማዶ ሆና ትኩር ብላ አየችኝ። አወቀችብኝ መሰለኝ፤ ሳቋን አቁማ አሳዋን ማገላበጥ ጀመረች።

ማታ አውቶቡስ ስንሳፈር ለሐሊና ሠርግ ብለው አንድ ትልቅ የበረዶ ሣጥን ሙሉ አሳ አሸከሙን። የማማ ምዋናሻ ስጦታ ነው። እሱ ጥቁር ሙሉ ልብሱን ሠርጉ ላይ እንዳይጨማደድ ብሎ በላስቲክ ሸፍኖ ይዞ ነበር፤ ናይሮቢ ልንገባ ስንል አቲ ሪቨር ላይ አውቶቡሱ ሲቆም ሽንት ቤት ገብቶ ለበሰው። “ሙሽራዋን አዋርጄ አልገባም” አለ። ክራባቱን ያስተካከልኩለት እኔ ነኝ።

ጋሽ ታመነ ቤት ስንደርስ አሥራ ሁለት ሰዓት አልሞላም። ግቢው ሰው ሞልቷል። ዓምደሚካኤል የሠርግ ሰው መስሎት ከበሩ ጀምሮ “እንኳን ደስ አላችሁ” እያለ ገባ። ከዚያ የሴቶቹን ነጠላ አየ። ሁሉም አዘቅዝቀው ነው የለበሱት። ቆመ። ሁለት ወንዶች ከግራና ከቀኝ ክንዱን ያዙት፣ ጋሽ ታመነም “ዓምዴ፣ እንግዲህ የሁላችንም መንገድ…” ብሎ ጀመረ።

ጩኸቱ ቤቱን ሞላው። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ይላሉ፤ ሰባት ቀን ሙሉ አፋችንን ዘግተን የያዝነው እኛ፣ ከእሱ በላይ የጮኽነው እኛ። እሱ አልጮኸም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፤ “መቼ?”

“ማክሰኞ” አለው አንዱ።

“የቱ ማክሰኞ?”

“ያለፈው።”

በጣቱ መቁጠር ጀመረ። ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ። እሑድ ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ በሰው መሀል ፈለገኝ። የበረዶው ሣጥን እግሬ ሥር ነበር፤ በረዶው ቀልጦ ውኃው ምንጣፉ ላይ ይፈሳል፣ ቤቱ አሳ አሳ ይሸታል። የሚያነሣውም የለም።

“ቁጭ ብለሽ ተለካሽ” አለኝ።

ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀምጦ ወደ ማሊንዲ ተመለሰ። ለሐሊና ሠርግ አልመጣም። የእድር መዋጮውን በሰው ይልካል፣ ሰው ሲሞት ይመጣል፣ ድንኳን ይተክላል፣ እኔ ካለሁበት ማዶ ይቆማል። በዓመቱ አንድ ደንበኛዬ ለሽርሽር ማሊንዲ ደርሳ ወንበሩን እንዳየችው ነገረችኝ። ባካሪ ጨርሶት ኖሮ ዓምደሚካኤል አልወስድም አለው፤ ማማ ምዋናሻ ምጣዷ አጠገብ አኑራዋለች፣ ማንም ግን አይቀመጥበትም።

እኔ ተናደድኩ፣ አልዋሽም። ምን አድርጌ ነው? ወግ አይደለም እንዴ ያደረግኩት? ለደንበኛ ሁሉ ይህን ስናገር ከረምኩ። ሁሉም “ልክ ነሽ” አለኝ። ልክ ነሽ በተባልኩ ቁጥር ግን ያ ገመድ ጀርባዬ ላይ ሲሄድ ይሰማኛል።

አራት ዓመት አለፈ። በ2007 ሐምሌ፣ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት፣ የሴት ልጅ ፀጉር እየሠራሁ በሩ ተከፈተና ዓምደሚካኤል ገባ። ሸብቷል። የመንገድ አቧራ ጫማው ላይ አለ። ደንበኛዬን “እህቴ፣ ይቅርታ፣ ነገ ትጨርስልሻለች” ብሎ አስወጣትና በሩን ዘጋ። እኔ ሊታረቀኝ የመጣ መሰለኝ። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ።

“እታገኘሁ” አለ፣ ቆሞ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ። “እናትሽ ሞተዋል። ቅዳሜ ዕለት። እሑድ ተቀብረዋል። ነገ ጠዋት ሊያረዱሽ ይመጣሉ። ለእድርተኛው ሁሉ ተደውሏል፤ እኔንም መጥተህ ትይዛታለህ ብለውኛል።”

እሑድ ደውዬ ነበር። ወንድሜ “ተኝታለች” ሲለኝ “አትቀስቅሷት” ብዬ የዘጋሁት እኔ ነኝ። ስንቱን ሰው ያረዳሁት እኔ።

እጄ ተነሣ። ማበጠሪያው እጄ ላይ ነበር። እሱ ወደ ኋላ አላለም፤ ግንባሩን ሰጥቶ ቆመልኝ። አልመታሁትም። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ፤ እሱም ከመስተዋቱ ፊት ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠና እስኪመሽ ድረስ አብሮኝ ቆየ። አይዞሽ አላለኝም። ውለታ ይሁን በቀል እስከ ዛሬ አላወቅኩትም፤ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

በነጋታው ገና ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ጋሽ ታመነ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ፣ ክንዴን ሊይዙ የተዘጋጁት ሁለቱ ግራና ቀኝ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሼ ነበር የከፈትኩላቸው። ጋሽ ታመነ ነጠላዬን አየና ወደ ኋላ ዞሮ ሴቶቹን ተመለከተ።

“ግቡ” አልኳቸው። “ትናንት ነግሮኛል።”