ክራር ደርዳሪው ያልዞረበት ቀን

ሰሞኑን መብራት ሲጠፋ ጎረቤቴ የላምባ ምድጃ ትለኩሳለች፤ ሽታው በበሬ ስር ሾልኮ ሲገባ፣ ዛሬ ብቻዬን ከምኖርበት የቂርቆስ ፎቅ አንስቶ ካዛንቺስ ወደነበረው፣ አሁን ወደፈረሰው የልጅነት ቤታችን ይወስደኛል።

ክረምት በገባ ቁጥር፣ ዝናቡ ከደጅ ሲያስቀረን፣ ታይፒስት የነበረው አባቴ ከሥራ ገብቶ፣ እርጥብ ካፖርቱን የላምባ ምድጃችን አጠገብ ሰቅሎ፣ አንድ የውጭ አገር ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ ከተወለት የእንግሊዝኛ መጽሐፍ የጥንት ግሪኮችን ተረት በአማርኛ እየመለሰ ይተርክልን ነበር። ከሁሉም የሚደጋግመው የክራር ደርዳሪውን ነበር። ሙሽራውን እባብ ነድፎ ይገድልበታል፤ እሱም ክራሩን ይዞ ሙታን አገር ይወርዳል፤ የዚያ አገር ንጉሥ በዜማው ልቡ ራርቶ፣ ውሰዳት፣ ግን ፀሐይ እስክታዩ ድረስ ዞረህ እንዳታያት ይለዋል። ደጃፉ ላይ ሲደርስ ይዞራል፤ እሷም እንደ ጉም ትበናለች።

መጨረሻውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሆኖም ታናሽ ወንድሜ ዳዊት ጆሮውን በሁለት እጁ ይደፍናል፣ እኔ የእናቴን ቀሚስ ጨምድጄ እይዛለሁ፣ ጎረቤታችን እትዬ የሺ ደግሞ ጥጥ መፍተላቸውን ትተው፣ «ይሄ ሰውዬ ዛሬም ሊዞር ነው? ስንመክረው ከርመን?» እያሉ ይቆጡ ነበር። እናቴ እንባዋ እስኪመጣ ትስቃለች። አንድ ቀን ዳዊት መጨረሻውን እንዲለውጠው አባቴን ለመነው፤ አባቴ ግን ያልሆነውን ሆነ አልልም ብሎ እምቢ አለው።

አንድ ዓመት መስከረም ሲጠባ እናቴ ታመመችና ሆስፒታል ገባች፤ ልጅ አይገባም ተብሎ እኔና ዳዊት ከቤት ቀረን። በጠየቅን ቁጥር እየተሻላት ነው ይሉን ነበር። ጥቅምት ላይ፣ ነፋሱ የጓሯችንን ባሕር ዛፍ በሚያወዛውዝበት አንድ ቀትር፣ አባቴ ያለወትሮው ከሰዓቱ ቀድሞ መጣና ካፖርቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ። እትዬ የሺም ተከትለውት ገብተው በሩ ጋ ቆሙ። ምንም የማያውቀው ዳዊት ተረት እንዲነግረው ጨቀጨቀው። አባቴ መጽሐፉን ሳያነሳ ጀመረ። ክራር ደርዳሪው ወረደ፣ ተጫወተ፣ ተፈቀደለት፣ ሙሽራውን አስከትሎ ዳገቱን ወጣ። ደጃፉ ጋ ሲደርስ ዳዊት ጆሮውን ደፈነ፤ አባቴም እጆቹን ቀስ አድርጎ ከጆሮው ላይ አነሳቸው።

«አልዞረም» አለ። «ይዟት ወጣ።»

ዳዊት እየዘለለ ጨፈረ። እትዬ የሺ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ይዘው ወጡ። እኔ የአባቴን ፊት አየሁ። መርዶው እንደ ወጉ በማግስቱ ማለዳ ዘመድ ተሰብስቦ ቢነገረንም፣ እኔ እናቴን ያጣኋት በዚያ ቀትር ነው።

ባለፈው በጋ ባለቤቴን ቀበርኩ። ሐኪሞቹ መጨረሻውን አስቀድመው ነግረውን ነበር፤ እኔ ግን በየማለዳው ሾርባ ይዤ ወደ መኝታ ቤቱ ስገባ፣ ዛሬ ተነሥቶ ቁጭ ብሎ አገኘው ይሆናል እል ነበር።

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ ልትጠይቀኝ መጥታ፣ ያንኑ ተረት ለልጆች እንደ አዲስ ከተጻፈበት መጽሐፍ አነበበችልኝ። ሙሽራይቱ ደፋር ናት፣ ንጉሡን ትሞግተዋለች፣ መንገዱንም ራሷ ታገኛለች። ልጅቷ ከዚህ በፊት ያነበበችልኝ ተረቶችም ሁሉ እንዲሁ ነበሩ፤ ገና ጥቂት ገጽ ሳይገለጥ መድረሻቸው ይታወቃል። መሃል ላይ አቋርጣ ቀና ብላ አየችኝና፣ «እማማ አታስቢ፣ በቃ መጨረሻ ላይ ትወጣለች» አለችኝ።

አላሰብኩም ነበር። ልጅቷን ሸኝቼ በሩን ከዘጋሁ በኋላ ትታልኝ የሄደችውን መጽሐፍ አንስቼ እስከ መጨረሻው አነበብኩት፤ እውነትም ሙሽራይቱ ወጣች። ያኔ እንደማትወጣ እያወቅን፣ ሁላችንም ትንፋሻችንን ውጠን እንጠብቃት ነበር፤ ዛሬ ግን እንደምትወጣ አስቀድሞ ተነግሮኝ፣ ቁጭ ብዬ የምጠብቀው የለኝም።