በኤምፒስሪ የተጠየቀ ምርቃት

ቡታጅራ ገበያ ቆጮ ተራ ገብቶ ከድጄን የሚፈልግ ሰው አይደክምም፤ ከሁሉም ድምፅ የሌላት እሷ ናት። ሌሎቹ ሴቶች የገዢ እጅ ይዘው ይጎትታሉ፣ ይምላሉ፣ የጎረቤታቸውን ቆጮ ያጣጥላሉ። እሷ ኮባውን ገለጥ አድርጋ ታሳያለች፣ በቃ። ቆርጣ ሰጥታህ ስትሄድ ግን አፏ ይፈታል። «በረካ ይሁንልህ፣ ጓዳህ አይጉደል፣ ልጆችህ ይደጉልህ» እያለች ከኋላህ ትሸኝሃለች። ጠይቆ ሳይገዛ የሄደውንም ትመርቃለች። «አንቺ ሴትዮ፣ ለዚህ ቋጣሪም አሚን ልንልልሽ ነው?» እያሉ ይስቁባታል፤ እየሳቁም አሚን ይላሉ። በዚህ አገር ዱዓ ሰምቶ አሚን ሳይል የሚያልፍ አፍ የለም።

ከእንሴኖ ወዲያ ካለ ገጠር ለከማሉ ተድራ የመጣችው በልጅነቷ ነው። ከማሉ የበርበሬ ገበሬ ነው፤ ቃሉ አንድ፣ ቁጣው ቅርብ። ሴቶቹ ልጆቻቸው አግብተው ወጡ፤ የቀራቸው የመጨረሻው አብዱልሃፊዝ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈተነና ፈተናው ጣለው። ጣለው ነው የሚባለው፤ አስተማሪ ሳይገባበት የከረመውን ክፍል ማን እንደጣለው ግን የሚጠይቅ የለም። ከዚያ መርካቶ የዘመድ ሱቅ ገብቶ ሠራ፤ ሱቁም ተዘጋ። ከሱቁ ወዲያ ምን እየበላ እንደከረመ ለእናቱ አልነገራትም። ይደውልና «ደህና ነኝ እማ፣ ሥራ ላይ ነኝ» ይላታል። የድሃ ልጅ ውሸት እንዲህ ነው፤ ለራሱ ሳይሆን እናቱ እንቅልፍ እንዲወስዳት የሚዋሸው።

በዚያ ሰሞን አረፋ ቀርቦ ነበር። አረፋ ሲደርስ የዚህ አገር ሙስሊም ልጅ የትም ይሁን የት ቤቱ ይገባል፤ እናት አባቱ ፊት ቁጢጥ ብሎ፣ መዳፉን ዘርግቶ ዱዓ ይቀበላል፤ ያንን ስንቅ አድርጎ ዓመቱን ይወጣዋል። ከድጄም ለልጇ ቅቤ ማጠራቀም ጀምራለች።

የሚኒባስ ረዳቱ ጀማሉ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ገበያው መሀል ቆሞ፣ «እማማ ከድጄ! አብዱልሃፊዝ እቃ ልኮልዎታል» ብሎ በፌስታል የተቋጠረ ነገር እጇ ላይ አስቀመጠላት።

«እሱስ?»

«እሱማ... ያዳምጡት ብሏል። ነገ ጠዋት ስመለስ መልሼ እወስድለታለሁ። አደራ፣ በጠዋት መናኸሪያ ይምጡልኝ።»

ፌስታሉ ሲፈታ የክብሪት ቀፎ የምታክል ነገር ወጣች። ኤምፒስሪ ናት፤ መርካቶ አስፋልት ዳር፣ ሸራ ላይ ከካልሲና ከቻርጀር ጋር ተደርድራ የምትቸረቸር፣ ቀለሟ በጥፍር የሚላጥ ርካሽ እቃ። ከድጄ ገልብጣ ገልብጣ አየቻት፤ አፏ የት እንደሆነ፣ ጆሮዋ የት እንደሆነ አይታወቅም። ቆጮዋን ለጎረቤቷ ለሃሊማ አደራ ሰጥታ ወደ ናጃህ ሞባይል ቤት ሄደች።

ናጃህ ሞባይል ይጠግናል፣ ሚሞሪ ላይ መንዙማና ዘፈን ይጭናል። ከአብዱልሃፊዝ ጋር አንድ ክፍል የተማረ፣ ያው ፈተና የጣለው ልጅ ነው።

«ውይ እማማ፣ በዚህ ዕድሜዎ አራዳ ሊያደርግዎት ነው እንዴ!» ብሎ እየሳቀ ማዳመጫውን ከሻሿ ሥር ጆሮዋ ውስጥ ከተተላት። መጀመሪያ መንዙማ መጣ። ከመንዙማው ቀጥሎ የልጇ ድምፅ።

«እማ፣ እኔ ነኝ። አትደንግጪ። ለአረፋ አልመጣም። መንገድ አግኝቻለሁ፤ በሞያሌ በኩል ነው፣ ደቡብ አፍሪካ። የሰፈራችን ልጆች የሄዱበት ነው፣ አትፍሪ። በስልክ ያልነገርኩሽ ታለቅሻለሽ ብዬ ነው፤ ካለቀስሽ ደግሞ እቀራለሁ። ስልኬን ሸጬዋለሁ። ብይዘውም መንገድ ላይ ይነጥቁሃል ብለውኛል፤ ይቺን ግን ለርካሽነቷ ማንም አይነካብኝም። ቀይዋን ቁልፍ ተጫኚና መርቂኝ። ልክ እንደ አረፋ። በረሃው ላይ ሆኜ እሰማዋለሁ። አባባን... አባባን እንግዲህ አንቺ ታውቂዋለሽ። ይኸው፣ እጄን ዘርግቻለሁ እማ። ጀምሪ።»

ከዚያ ዝምታ ሆነ። ከዝምታው ቀጥሎ «አሚን» አለ። ደግሞ ዝምታ። ደግሞ «አሚን»። ልጁ ለእናቱ ቦታ እየተወላት፣ ገና ላልተባለ ዱዓ አሚን እያለ ነበር።

ከድጄ አፏን በሻሿ ጫፍ ያዘችው። ዝምታው በመጣ ቁጥር ምላሷ ሊነሳ ይላል፤ ትይዘዋለች። ምርቃት ፈቃድ ነው። «መንገድህን ጨርቅ ያድርግልህ» ያለች እናት ልጇን በገዛ አፏ ሸኘችው ማለት ነው። ባትለውስ? ሳይመረቅ ለመንገድ የተነሳ ልጅ ራቁቱን እንደወጣ ነው።

ናጃህ ፊቷን አይቶ ሳቁን ዋጠ። «ሊሄድ ነው አይደል?»

«ታውቅ ነበር?»

«ሁላችንም እናውቃለን እማማ። ደላላው እኔንም አናግሮኛል።»

«አንተስ?»

ናጃህ አጎንብሶ ቀይዋ ቁልፍ እንዴት እንደምትጫን አሳያት።

ደላላው እኮ ጫካ የተደበቀ ሽፍታ አይደለም! ሻይ ቤት ተቀምጦ ከሰው ጋር ይስቃል፤ ሰርግ ይጠራል፤ ለሀዘን ድንኳን ያዋጣል። በደቡብ አፍሪካ ገንዘብ የተሠራውን ባለመስታወት ቤት ለልጆቻችን በጣቱ የሚያሳያቸው እሱ ነው፤ እኛም አብረን አንጋጠን እናያለን። መንገድ ላይ የቀሩት ልጆች ቤት መስታወት ስለሌለው አናየውም። አውቀን ነው የማናየው! «ተው!» የሚል ሹም፣ «ተው!» የሚል ሽማግሌ፣ «ተው!» የሚል ሼህ ጠፍቶ፣ ነገሩ ሁሉ ተንከባሎ ተንከባሎ አንዲት ቆጮ ሻጭ ጉሮሮ ላይ መጥቶ ቆመ። እሷ ትመልሰው እንግዲህ!

ወደ ገበያው ስትመለስ ማዳመጫው ከአንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር።

«አቤት! ከድጄ ዘመነች!» አለች ሃሊማ። «ነገ ደግሞ ቆጮውን እየጨፈርሽ ልትሸጪልን ነው?»

ከድጄ አልሳቀችም። አጠገቧ ተቀመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሃሊማ፣ ያን ጊዜ መርቀሽው ነበር?» አለቻት።

ሃሊማ ማንን ብላ አልጠየቀችም። የእሷ ልጅ በዚያው መንገድ ሄዶ ከሞያሌ ደወለ፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው የለም። ቢላዋዋን ኮባው ላይ አስቀመጠች።

«መረቅኩት እንጂ። አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ ምን ላድርግ? ጠዋት ስነሳ ‹ባልመርቀው ኖሮ ይቀር ነበር› እላለሁ። ማታ ደግሞ ‹ሳልመርቀው ሄዶ ቢሆንስ› እላለሁ። ሁለቱም እንቅልፍ አይሰጥም፤ አትጠይቂኝ።»

ከማሉ ደጃፍ ላይ የተሰጣ በርበሬ ሲያገላብጥ ቤት ደረሰች። ልትደብቀው አስባ ነበር፤ አልሆነላትም፣ አንድ በአንድ ነገረችው።

«ምርቃት በሳጥን?» አለ ከማሉ። «እኔ ከአባቴ ምርቃት የወሰድኩት ጉልበቱን ስሜ ነው። ከፈለገ ይምጣና ይውሰድ!»

«ከመጣ ትለቀዋለህ?»

«በቁሜማ አልለቀውም!»

«እሱም ለዚያ ነው ያልመጣው።»

ከማሉ ተቀመጠ፣ ተነሳ፣ እንደገና ተቀመጠ። ኋላ ፊቱ ፈታ አለ፤ መላ ያገኘ መሰለው። «ስሚኝ። እንዳትመርቂው። ልጄን አውቀዋለሁ፤ ዱዓ ሳይዝ ከቃሊቲ አያልፍም። ‹አልመረቅንህም፣ ቤትህ ግባ› በይው። ሌላ ገመድ የለንም፤ በዚሁ እንሰረው።»

ከድጄም ሌላ መላ አልነበራትም። ጎረቤት እንዳይሰማ ጓሮ ወርደው እንሰቱ ሥር ተቀመጡ። ከማሉ «ቆጣ በይ፣ እንዳታለቅሺ» አላት። ቀይዋን ተጫነች። ትንሽ መብራት ብልጭ አለ።

«አብዱልሃፊዝ፣ እናትህ ነኝ» አለች። ጥሩ ጀመረች። «ሰምቼሃለሁ። አልመረቅንህም። አባትህም አልፈቀደም። የሃሊማ ልጅ የገባበት ጠፍቷል፣ እናቱን ዛሬ አየኋት። በርበሬው ደርሷል፤ አባትህ ብቻውን ነው፣ ጉልበቱም አልቋል...»

ከማሉ «ጉልበቴን ምን አመጣው?» በሚል ዓይን አያት። ገፋችበት።

«አገርህ ላይ ጦም አታድርም። ቅቤህም ተቀምጦልሃል። ይህን ስትሰማ ከቆምክበት ተመለስ።»

አለቀባት። ንግግሩን መዝጋት ነበረባት። እሷ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ፣ ለገዢውም፣ ለእንግዳውም፣ ለለቀስተኛውም፣ ንግግር የምትዘጋው በአንድ መንገድ ብቻ ነው።

«እሺ ልጄ... አላህ ከክፉ ይጠብቅህ።»

«አሚን» አለ ከማሉ።

«መንገድህን ጨርቅ ያድርግልህ። በሄድክበት ሰው ይስጥህ። ሄዶ ከመቅረት ይሰውርህ።»

«አሚን! አሚን!» መዳፉ ተዘርግቷል፣ ዓይኑ ተጨፍኗል።

«ወጥተህ ግባልኝ።»

«አሚን ያ ረቢ!» ብሎ ፊቱን ሊያብስ ሲል እጁ አየር ላይ ቀረ። አያት፤ አየችው። ትንሿ መብራት ብልጭ ብልጭ ማለቷን አልተወችም።

«ምን አደረግሽ?»

«አንተስ ምን አደረግክ?»

በርበሬ ባሻከረው ጣቱ ያገኘውን ቁልፍ ሁሉ ተጫነ። ማዳመጫው ውስጥ መንዙማው ይንጫጫል፣ ይቆማል፤ ከዚያ የራሱ አሚን ይወጣል። ድንጋይ አነሳባት፤ ደግሞ የሰው አደራ ነው ብሎ ድንጋዩን ጣለው።

ጠዋት ናጃህ ሱቁን ሊከፍት ሲመጣ ሁለቱንም ደጁ ላይ ቆመው አገኛቸው። ኤምፒስሪዋን ኮምፒውተሩ ላይ ሰክቶ እስከ መጨረሻው ሰማው። ሳቅ ሊያመልጠው ነበር፤ ፊታቸውን ሲያይ ተወው።

«ተግሳፁን ትተህ ምርቃቱን ብቻ አጥፋው» አለ ከማሉ።

«ይቻላል አባባ። ይኸው፣ ከዚህ ጀምሮ ይቆረጣል። ልቁረጠው?» ናጃህ ማውዙን ይዞ ጠበቀ።

ከማሉ «ቁረጠው» ሊል አፉን ከፈተ። ግን አስቡት እስቲ። የወጣን ምርቃት ከልጅ ላይ መልሶ መንጠቅ ምን ይባላል? አገሩ ስም አውጥቶለታል፤ እርግማን ይባላል። «ከክፉ ይጠብቅህ» ያልከውን ከወሰድክበት ለልጁ የሚቀረው ክፉው ብቻ ነው።

«አንቺ በይው» አለ ወደ ከድጄ ዞሮ።

«እኔ አልልም።»

«እንግዲያው እኔ ልበለው?»

«በል፣ አፍህ ከቻለ።»

አፉ አልቻለም። ከመናኸሪያው የመኪና ጡሩምባ ሲሰማ ናጃህ፣ «ጀማሉ ሊወጣ ነው» አለ። ሳይቆርጠው እቃዋን ነቅሎ ለከድጄ አቀበላት። እሷም ሄደች። ሚኒባሱ ሞልቶ ጀማሉ በሩ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ሙሉውን ይስማ በለው» አለችው። «ከመጀመሪያው። ቁም ነገሩ ያለው መጀመሪያው ላይ ነው። ሰማኸኝ ጀማሉ?»

«ችግር የለም እማማ!»

ከሰዓት በኋላ የከማሉ ስልክ ጮኸ። ጀማሉ ነው፤ ከኋላው የአውቶቡስ ተራ ጩኸት አለ።

«አባባ፣ አደራዬን አድርሻለሁ! ወይ ጉድ፣ ቢያዩት! መጀመሪያ ሲሰማው ፊቱ ጠቆረ፤ ማዳመጫውን ከጆሮው ነቅሎ ‹በቃ እቀራለሁ› አለኝ። እማማ ሙሉውን ይስማ ብለውኝ የለ? ‹ጨርሰው እንጂ!› አልኩት። ሲጨርሰውማ የእርስዎን አሚን ሰማ። ‹አባባ ፈቀደ!› ብሎ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። እሱ እኮ የፈራው እርስዎን ነበር!»

ከማሉ ከተቀመጠበት ተነሳ። «አሁን የት ነው?»

«ይኸው ከፊቴ፣ መኪናው ሞልቷል፣ ሊወጡ ነው።»

«አስወርደው!»

«ምን አሉ?»

«አስወርደው! ስቼ ነው በለው! አሚን ያልኩት ለምዶብኝ ነው በለው!»

«አይሰማም አባባ፣ ጡሩምባው... እሺ፣ እሺ፣ ሰላም ብሎሃል እለዋለሁ!»

ስልኩ ተቋረጠ። ከማሉ ግን ከበርበሬው መሀል ቆሞ «አስወርደው!» እያለ መጮኹን አልተወም። ጎረቤት ከየቤቱ ወጣ። ከድጄን ከበው «ምን ሆነ? ምን መጣ?» ሲሏት መዳፏን ዘርግታ «አሚን በሉልኝ» አለቻቸው።