ለድብልብሉ ፈረስ የተሰፋ ጠፍር

እትዬ ሜትር የሚለውን ስም ያወጡላት የሥራ ጓደኞቿ ናቸው። የልኬት ሜትሩ ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም። አንድ ጊዜ ሰርግ ተጠርታ ከነሜትሩ ሄዳ፣ የሙሽራዋ አክስት «እንደው ዛሬ እንኳ ባይለኩን ምን ነበረበት?» ብላት ሰው ሁሉ ስቋል። ሥራዋ ቀበቶ መስፋት ነው። ሱሪ የሚታሰርበትን አይደለም፤ ወገባቸውን ለታመሙ፣ ከወሊድ ለተነሱ፣ ሆዳቸው በቀዶ ጥገና ለተከፈተ ሰዎች ሐኪም የሚያዝዘውን ሰፊ የድጋፍ ቀበቶ ነው። ከሆስፒታል ጀርባ፣ ሁለት የስፌት መኪናና አንድ መጋረጃ ባላት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሰፍታለች።

ወደዚህ ሙያ ያስገባት ንዴት ነው ቢባል ውሸት አይሆንም። ልጇን በወለደች ጊዜ ወገቧ አልነሳ ብሎ፣ ከዚያችው ክፍል አንድ የተዘጋጀ ቀበቶ ሰጧት። ቀበቶው ከጎድን አጥንቷ ሥር እየገባ ሥጋዋን ይበላታል። መልሳ ወስዳ «ይቆርጠኛል» ብትል፣ እቃ የሚያድለው ሰውዬ ቀና እንኳ ሳይል «ቀበቶው ደህና ነው፤ አንቺ ነሽ ቅርጽ የሌለሽ» አላት። ቤቷ ገብታ መጀመሪያ አለቀሰች። ቀጥሎ መቀስ አነሳችና ቀበቶውን ከዳር እስከ ዳር ተረተረችው። ስታየው ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ ነው፤ የሰው ልጅ ሁሉ ቧንቧ ነው ተብሎ የተሰፋ! በራሷ ልክ ቆርጣ፣ ጎደል የሚለውን አጉድላ፣ ሞላ የሚለውን ሞልታ እንደገና ሰፋችው። ለብሳው ሄዳ ሰውዬው ፊት ቆመች። የክፍሉ ኃላፊ አየቻትና በሳምንቱ ቀጠረቻት።

እንግዲህ አንድ የእረፍት ቀን ጠዋት ታናሽ እህቷ ስልክ ደወለች።

«እታለም፣ ዱባ ነከሰ።»

«ማንን?»

«ባሌን።»

«እሰይ!»

«አትሳቂ እባክሽ። ሊሸጠው ነው። ጡብ ለሚያመላልስ ሰውዬ።»

ዱባ ድንክ ፈረስ ነው። የእህቷ ባል፣ ሰፈሩ «ፈረሰኛው» የሚለው፣ በከተማው መናፈሻ ዳር አራት ፈረሶች አሉት፤ ለሽርሽር ለመጣ ሰው ያከራያቸዋል። ሦስቱ እንደማንኛውም ፈረስ ናቸው። ዱባ ግን እግሩ አጭር፣ ሆዱ በርሜል፣ ጀርባው ጠረጴዛ ነው። ትከሻና ወገብ የሚባለውን ድንበር ፈጣሪ ረስቶለታል። ዙሪያውን ክብ ስለሆነ ኮርቻ አይቀመጥለትም። ኮርቻው ሲንሸራተት ፈረሰኛው በሆዱ ሥር የሚያልፈውን ጠፍር ያጠብቃል፤ ሲያጠብቅ ይነክሰዋል፤ ሲነክሰው ይመታዋል። እንዲህ እርስ በርስ ሲባሉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል።

እትዬ ሜትር ሁለት አውቶቡስ ተሳፍራ ደረሰች። ጋጣው በር ላይ ያየችው ግን ሰላምታ የሚያሰጥ አልነበረም። ፈረሰኛው እጁ በፋሻ እንደተጠቀለለ ጉልበቱን የዱባ ሆድ ላይ ተክሎ፣ ጥርሱን ነክሶ ጠፍሩን ሽቅብ ይጎትታል። ፈረሱ ጆሮውን ወደ ኋላ ለጥፎ፣ አይኑን አጉረጥርጦ፣ የሚነክሰው አጥቶ የጋጣውን አጥር እንጨት ይነክሳል።

«ልቀቀው!» አለች።

«እትዬ! እንኳን ደህና መጣሽ። ቆይ አንድ ቀዳዳ ልጨምርና...»

«ልቀቀው አልኩህ እኮ!»

ለቀቀው። ዱባ እንደ ሰው ተነፈሰ። እትዬ ሜትር ቦርሳዋን አጥሩ ላይ ሰቅላ ተጠጋችው፤ ፈረስ እድሜ ልኳን ስትፈራ የኖረች ሴት መሆኗን የረሳችው እዚያ ላይ ነው። እጇን ከአንገቱ ጀምራ ወደ ታች አወረደች። የፊት እግሩ ከደረቱ በሚገናኝበት፣ ሰው ቢሆን ብብት በሚባለው ቦታ ስትደርስ ፈረሱ ተንቀጠቀጠ። ጎንበስ ብላ አየች። ጸጉሩ አልቆ፣ ቆዳው ተልጦ፣ ግራም ቀኝም እንደ መዳፍ የሰፋ ቀይ ቁስል። በላዩ ላይ የብረት ዘለበቱ ቅርጽ ቁልጭ ብሎ ታትሟል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ፈረሰኛው ጎንበስ አላለም። «ቆዳው ስስ ነው። ዝርያቸው እንደዚህ ነው።»

«ዝርያቸው ዘለበት ይዞ ነው የሚወለደው?»

እህቷ ከኋላ አፏን በእጇ ከደነች። ፈረሰኛው ግን አልሳቀም። «እትዬ፣ አንቺ በሰው ወገብ ታውቂያለሽ፤ እሺ። ፈረስ ግን የኔ ሥራ ነው። ይሄ ክፉ ነው። ተፈጥሮው ክፉ ነው።»

እትዬ ሜትር ደሟ ፈላ። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሲሉ እሰማ ነበር። አንተ ደግሞ ገለበጥከው፤ ዳውላውን ትተህ አህያውን! እስኪ ይሄን ጠፍር ብብትህ ላይ አስሬ አንድ ቀን ሙሉ ልንዳህ። ማታ ላይ ክፉ መሆንህን አለመሆንህን እናያለን።»

ፈረሰኛው አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ ሚስቱ ግን ቀደመችው። ብዙ የማትናገር፣ ነገር ሲከር ወደ ጓዳ የምትገባ ሴት ናት። ያን ቀን ግን ቁስሉን ጎንበስ ብላ አይታ ነበር። «ቁስሉ እስኪድን ኮርቻ አይነካውም። አይሸጥምም» አለች። «ጡቡን ራስህ ተሸከምለት።»

እህቷ ቁስሉን በየቀኑ በለብታ ውሃ እያጠበች፣ የእንስሳት ሐኪሙ የሰጣትን ቅባት እየቀባች አሻረችው። ይህ ሦስት ሳምንት ወሰደ። በመሃል እትዬ ሜትር ፈረሰኛውን በግድ ይዛው የፈረስ እቃ መሸጫ ሄደች። ጥሩ ጠፍር ካለ መግዛት ይሻላል፤ የሌላውን ሙያ መናቅ አትወድም።

ሱቁ ቆዳ ቆዳ ይሸታል። ግድግዳው ላይ ጠፍር እንደ እባብ ተንጠልጥሏል፤ ቀጭን ቆዳ፣ ከገመድ የተጎነጎነ፣ ላስቲክ ያለው፣ የሌለው። ነጋዴው ደልደል ያለ፣ ደስተኛ ሰው ነው።

«መካከለኛ ነው ትልቅ?» አለ።

«ድብልብል ነው» አለች እትዬ ሜትር።

ነጋዴው ሳቀና አንዱን አወረደ። እሷም ግራና ቀኙን ሳብ ሳብ አድርጋ አየችው። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይሄ ላስቲክ ለምንድነው በአንድ በኩል ብቻ የሆነው?»

«ለማጥበቅ እንዲቀል ነዋ፣ እናቴ።»

«ለማን እንዲቀል?»

«ለሚያጠብቀው።»

«ለሚታሰረውስ? በአንድ በኩል ብቻ ከተሳበ ኮርቻው ወደዚያው አይዞርም? ደግሞስ ቀጥ ያለ ነው። ፈረሱ ብብት የለውም እንዴ?»

ነጋዴው ወደ ፈረሰኛው ዞሮ ጠቀሰው። «እናቴ፣ እነዚህ ጠፍሮች ለሁሉም ፈረስ ይሆናሉ። አልሆን ካለ ጥፋቱ የጠፍሩ አይደለም። ፈረሱ ነው ቅርጽ የሌለው።»

ያቺን ቃል ልጇን በወለደች ጊዜ እሷም ሰምታታለች፤ ከዚያ ወዲህ ስንት ሴት መጋረጃዋ ውስጥ እያለቀሰች ነግራታለች! ሐኪሙ ብሎኝ፣ ባለሱቁ ብሎኝ፣ ባሌ ብሎኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እትዬ ሜትር እርስዎ ማለቱን እዚያው ተወችው።

«ስማ አንተ፣ ቅርጽ የሌለው ነገር በዚህ ዓለም ላይ የለም። ውሃ እንኳ ቅርጽ አለው፤ ማሰሮውን ይመስላል። ለመለካት የሰነፈ ሰው ነው ቅርጽ የለውም የሚለው!» ጠፍሩን ባንኮኒው ላይ ጥላለት ወጣች። ፈረሰኛው ከኋላዋ እየሮጠ «አዋረድሽኝ እኮ!» ይላል።

ከሥራ ስትወጣ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ኃላፊዋን አስፈቅዳ ጠፍሩን ራሷ በዚያችው የስፌት ክፍል ሰፋችው። ወፍራም ሸራ፣ በውስጥ በኩል ለስላሳ የሱፍ ጨርቅ፣ ከዳር እስከ ዳር አንድ ስንዝር የሚሰፋ። ሰፊ ከሆነ ጫናው ይከፋፈላል፤ ይህንን ከወላድ ሆድ ተምራለች። ኮርታ ይዛው ሄደች። ቁስሉ ድኖ፣ አዲስ ጸጉር አብቅሏል። ለዱባ አሰሩለት፤ አልተናከሰም። ሃያ እርምጃ ያህል በሰላም ሄደ። ከዚያ ጠፍሩ ቀስ እያለ ወደ ፊት ተንሸራቶ ያው ብብቱ ውስጥ ገባ። ዱባ ቆመ፤ ጆሮውን ለጠፈ።

«አላልኩሽም?» አለ ፈረሰኛው፣ ደስ እያለው።

እትዬ ሜትር የተናደደችው በእሱ አይደለም። ጠፍሩን ፈትታ ወደ ብርሃን አወጣችው። ቀጥ ያለ ነው። ለሁለት ዓመት የቆሰለ ፍጡር አምጥተውላት፣ ከዚያ ሁሉ ስድብ በኋላ፣ እሷም ቧንቧ ሰፋችለት! ላቡ እንዳለ ሸራውን ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ወተፈችው። ለሰው «አትለኩም» እያለች ስትሳደብ፣ የለካችው የሆዱን ዙሪያ ብቻ ነው፤ አንድ ቁጥር ይዛ ሄደች።

ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠች። ዱባን ፍቱት አለች። ሲሄድ አየችው፣ ሲዞር አየችው፣ ሳር ሲግጥ አየችው። ሆዱ እንደ በርሜል ወደ ኋላ እየሰፋ ስለሚሄድ፣ በሆዱ ሥር የሚታሰር ነገር ሁሉ ወደ ጠባቡ ቦታ፣ ወደ ፊት ይሸሻል። ጠባቡ ቦታ ደግሞ ከብብቱ ሥር ነው። ኮርቻው መቀመጥ ያለበት ግን ከዚያ ኋላ ነው። ጠፍሩ ወደ አንድ ወገን፣ ኮርቻው ወደ ሌላ፤ ሆድና ጀርባ ሆነው መካከላቸው የሚላጠው እሱ ነው።

«እህቴ፣ እግሩን ወደ ፊት ሳቢልኝ» አለች። እህቷ የፊት እግሩን በቀስታ አንስታ ዘረጋችው፤ ከብብቱ ኋላ ያለው ቆዳ እንደተጨማደደ አንሶላ ተወጥሮ ተስተካከለ። እትዬ ሜትር በጠመኔ አሰመረች። እግሩ ሲመለስ ክርኑ የት ድረስ እንደሚመጣ አሰመረች። በግራ ለካች፤ በቀኝ ለካች። ግራና ቀኙ በሁለት ጣት ይለያያል። ኮርቻውንም ፈረሰኛው ሁልጊዜ ወደ ፈረሱ ትከሻ አስጠግቶ እንደሚጭነው አየች፤ አራት ጣት ወደ ኋላ እንዲመለስ አደረገች።

ሁለተኛውን ጠፍር ለመስፋት አራት ቀን ከሰዓት በኋላውን ፈጀባት። ፍርምባው ላይ ሰፋ ብሎ ይተኛል። ብብቱ ጋ ሲደርስ ወደ ኋላ ጎደል ብሎ ተቆርጧል፤ እግሩ እንዲያልፍ መንገድ ይለቅለታል። ከዚያ እንደገና ወደ ኮርቻው ይመለሳል። ላስቲኩ በሁለቱም በኩል እኩል ነው። ዘለበቶቹም ከክርኑ ርቀው ከፍ እንዲሉ አድርጋለች።

ሲያስሩት እህቷ ናት ያሰረችው። እትዬ ሜትር ፈረሰኛውን አጠገቡ አላስደረሰችውም። «አንድ ቀዳዳ ብቻ። በቃ። ጥቂት አራምጂው። አሁን ሌላ አንድ ቀዳዳ። መዳፍሽን በሥሩ አስገቢ፤ ይገባል? በዚያም በኩል?» ትላታለች። እግሮቹን አንድ በአንድ አዘርግተው ቆዳው እንዳይታጠፍ አደረጉ። ዱባ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ ሄደ፤ መናፈሻውን ሁለት ጊዜ ዞረ። ጠፍሩ ካለበት ንቅንቅ አላለም። ሲፈቱት ቆዳው ላይ እኩል የላብ ምልክት እንጂ አንድ የተላጠ ጸጉር አልነበረም። እህቷ አንገቱን አቅፋ ቆየች። እትዬ ሜትር «እሺ፣ እሺ» ብላ ሜትሯን አንገቷ ላይ አስተካከለች።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ከወር በኋላ ብቅ ስትል ፈረሰኛው ለአንድ ቤተሰብ ዱባን ሲያሳይ ደረሰች። «ይሄ ክፉ ነበር» ይላል። «ማንም አይጠጋውም ነበር። ገራሁት። ፈረስ ትዕግስት ይፈልጋል።»

ቆሽቷ አረረ። ሰው ፊት ማዋረድ አትወድም፤ ግን ያቺን ያህል ትዕግስት አልነበራትም። «ጌቶች፣ ትዕግስቱን ማየት ከፈለጋችሁ ኑ፣ ጎንበስ በሉ» አለችና የፈረሱን ብብት አሳየቻቸው፤ ጸጉሩ በነጭ የበቀለበትን ቦታ። «የታገሰው ፈረሱ ነው። ሁለት ዓመት።»

ፈረሰኛው አንገቱን ደፋ። ይቅርታ አልጠየቀም፤ እስከ ዛሬም አልጠየቀም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የአራቱንም ፈረሶች ጠፍር የምታስረው ሚስቱ ናት፤ ይህንንም ያለችው እሷው ናት፣ ድምጿን ሳታነሳ። እትዬ ሜትርም በየሦስት ወሩ እየመጣች ዱባን ትለካዋለች፤ ሳር ሲበዛ ይወፍራል፣ ሲጠፋ ይቀጥናል።

ወሬ እግር አለው። ያንን የፈረስ እቃ ነጋዴ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የመጋረጃዋ ክፍል በር ላይ ቆሞ አገኘችው። ባርኔጣውን አውልቋል።

«እናቴ፣ ያንን የጠፍር ቅድ ስጪኝ። በሦስት መጠን አሰፋዋለሁ፤ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ።»

«አሁንም ሦስት?» አለች፣ መርፌዋን ሳታስቀምጥ። «መጀመሪያ የፈረሶቹን ልክ ይዘህ ና።»

በሁለተኛው ሳምንት ተመለሰ። ንጹህ ወረቀት ላይ የሰባት ፈረሶችን ልክ በጥሩ ጽሑፍ አስፍሯል። እትዬ ሜትር መነጽሯን አድርጋ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ለእያንዳንዱ ፈረስ አንድ ቁጥር። የሆድ ዙሪያ።

ወረቀቱን መልሳ እጁ ላይ አደረገችለት፤ ከአንገቷ ሜትሯን አውልቃም ጨመረችለት።

«ግራውንም ቀኙንም! ቆሞም እግሩን ዘርግቶም! እንዲያ ካልሆነ እዚህ በር ላይ እንዳላይህ!» ስትል፣ መጋረጃው ውስጥ ተራዋን የምትጠብቅ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት «እውነትዎን ነው፣ ይንገሯቸው!» ብላ ጮኸች። ነጋዴው ሜትሩን ይዞ ሲወጣ ከጫፉ ይዞ ይጀምር ከመሃሉ ግራ ገብቶት ነበር።