ለሽቦው የተቀባው ዘይት

ይባረክ የዘይቱን ጠርሙስ ከመክፈቷ በፊት የምትጠይቃት አንድ ጥያቄ አለች። ደንበኛዋ ታጥባ፣ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል ተደርጎላት፣ ወንበሩ ላይ ተደላድላ ስትቀመጥ ይባረክ ከኋላዋ ጎንበስ ትልና፣

«ሰሞኑን ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለሽ እንዴ?» ትላለች።

አዲስ ሰው ክው ይላል። «ምነው፣ ፊቴ ላይ ያየሽው ነገር አለ?» ብላ መስታወቱን የምትጠጋ አለች። አንዷ ምላሰኛማ፣ «ለወንድምሽ ልታጪኝ ነው ጤናዬን የምታጣሪው?» ብላ ፀጉር ቤቱን በሳቅ አፍርሳዋለች። የቆዩት ግን ለምደዋታል። «የለኝም፣ ቀቢኝ» ብለው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

ይባረክ ወላጅ ያወጣላት ስም አይደለም። ሴት ልጅን ማን ይባረክ ብሎ ይጠራል! ከእጇ የወጣች ሁሉ መስታወት ፊት ቆማ ፀጉሯን ግራና ቀኝ እያወናጨፈች «እጅሽ ይባረክ!» ስትል፣ ስትል፣ የፀጉር ቤቱ ባለቤት አንድ ቀን «አንቺ ይባረክ፣ ነይ እስቲ» ብላ ጠራቻት። በዚያው ቀረ። ቤቱ በጫማ ሰፊና በስልክ ጠጋኝ መሐል የተሰነገ፣ እንደ መተላለፊያ የጠበበ ክፍል ነው። ሁለት መታጠቢያ አለው፤ አንደኛው ሙቅ ውሃ የሚሰጠው ደስ ሲለው ብቻ ነው። የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ክዳን በሽቦ ታስሯል። የመስታወቱ ስንጥቅ እንዳይታይ ባለቤቷ የጽጌረዳ ሥዕል ለጥፋበታለች። ደንበኞች ስንጥቁን ረስተው ጽጌረዳውን ያደንቃሉ።

ይባረክ እዚህ ቤት የገባችው ፀጉር ለመጥረግ ነበር። እናቷ በድንገት ስትሞት እሷ ገና ጡት ማጎጥጎጥ የጀመረች ልጅ፣ ታናሽ እህቷ ደግሞ አፏን በቅጡ ያልፈታች ሕፃን ነበሩ። አባት ቀድሞ መንገድ በልቶታል። ትምህርቷን ትታ መጥረጊያ ያዘች፤ ከመጥረጊያ ወደ ማጠብ፣ ከማጠብ ወደ መቀባት አለች። ታናሿን «ሚጡ» ትላታለች። ሚጡ አድጋ፣ ደመወዝተኛ ሆና፣ ቁመቷ እህቷን አልፎ እንኳ ሚጡ ናት።

የሚጡ ፀጉር የጉድ ነበር። ማበጠሪያ ይሰብራል። ከወገቧ አልፎ ይወርዳል። የይባረክ የራሷ ፀጉር እፍኝ አይሞላም፤ ሁልጊዜ በሻሽ ትሸፍነዋለች። የሚጠይቅ ሲኖር፣ «የእኔን ድርሻ ጠቅልላ የተወለደችው እሷ ናት፣ እኔ አብጣሪዋ ነኝ» ትላለች። እውነትም አብጣሪዋ ነበረች። እሁድ እሁድ ሚጡ ምንጣፉ ላይ በእህቷ ጉልበቶች መሐል ትቀመጣለች፤ ዘይቱ በብርጭቆ ሆኖ ሙቅ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ለብ ይላል፤ ይባረክ ፀጉሩን እየከፈለች መስመር መስመሩን ትቀባለች። የሳምንቱ ወሬ የሚወራው ያኔ ነው። ያን ፀጉር ከሁለቱ ሌላ የነካው ሰው አልነበረም።

ሚጡ ልብስ ስፌት ቤት የሸሚዝ ኮሌታ ትሰፋ ነበር። አንድ ቀን እየሰፋች ዝም አለች። እግሯ ፔዳሉን እንደረገጠ፣ ዓይኗ እንደፈጠጠ፣ ጨርቁ አልቆ መርፌው ባዶውን ሲወጋ ጎረቤቷ አይታ «ኧረ ልጅቷ!» ብትል፣ ሚጡ ከወንበሯ ተዘረረች። የመጀመሪያውን ጊዜ ድካም ነው አሉ። ሁለተኛውን ቁርስ ሳትበላ ወጥታ ነው አሉ። ከዚያ በኋላ ምክንያት የሚያወጣላት ሰው ጠፋ። ትንሹ ክሊኒክ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ላካት፤ ትልቁ ሆስፒታል ደግሞ ጭንቅላቷ ላይ ሽቦ ተለጥፎ ይታይ አለ። ቀጠሮው እስኪደርስ ይባረክ በየማለዳው የእህቷን እስትንፋስ እያዳመጠች ነበር የምትነሣው።

የቀጠሮው ዋዜማ ደረሰ። ሚጡ ከሥራ ገብታ ጫማዋን እያወለቀች፣

«እትዬ፣ ፀጉርሽን ታጥበሽ፣ ምንም ሳትቀቢ ነይ ብላኛለች ነርሷ» አለች።

ይባረክ አጠበቻት። አደረቀቻት። ከዚያ ብርጭቆውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ስታስቀምጥ ሚጡ አየቻት።

«እትዬ! አትቀቢ ብለዋል እኮ!»

«ፀጉሩን ነዋ ያሉሽ። እኔ ቆዳውን ነው የምቀባው።»

«ምን ልዩነት አለው?»

«አንቺ ስለ ኮሌታ ንገሪኝ፤ ስለ ጭንቅላት ለእኔ ተዪው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በይባረክ ሙያ የሚያቃጥል ነገር ጭንቅላት ላይ ከማረፉ በፊት ቆዳው ይቀባል። ማለስለሻ መድኃኒት ሊደረግ ሲል አስቀድሞ ቫዝሊን በየመስመሩ ይለቀለቃል፤ የተረሳች ቦታ ካለች መድኃኒቱ እዚያችው ላይ ይልጣል። ይባረክ በዓይኗ አይታለች፤ አንዲት ጀማሪ ሳትቀባ አድርጋባት ደንበኛዋ እየጮኸች ከነአረፋው መንገድ ወጥታለች። እና አሁን የእህቷ ጭንቅላት ላይ ሽቦ ሊለጠፍ ነው። ሽቦ ካለ ኤሌክትሪክ አለ፤ ኤሌክትሪክ ደግሞ ከማለስለሻ የባሰ ነው። ሐኪሞቹ ስለ ውስጡ ቢያውቁ ስለ ቆዳው ምን ያውቃሉ? እንዲህ ብላ በልቧ ጨርሳለች።

በመስመር በመስመር ጀመረች። ከዚያ ፍርሃቷ እጇን ቀደመው። እዚህ ጋ ቢያቃጥላትስ? እዚያ ጋ ቢደርቅስ? ደገመችበት፣ ሰለሰችበት። በመጨረሻ ብርጭቆውን ገለበጠችው። ሚጡ ትራሷ ላይ ፎጣ አንጥፋ ተኛች።

በማግስቱ የምርመራው ክፍል ውስጥ መነጽራም ወጣት ተቀበላቸው። ደህና አደራችሁ ብሎ ሚጡን አስቀመጣት፣ ፀጉሯን በጣቱ ከፈል አደረገ። ጣቱ ተንሸራተተ። ወደ መብራቱ አንሥቶ አየው።

«እናቴ፣ ይሄ ዘይት ነው?»

«ትንሽ ናት የኔ ልጅ።»

«ይሄ ትንሽ ነው?» ጣቱን አሳያት። እስከ አንጓው ያብረቀርቃል። «ሽቦው የሚለጠፈው በማጣበቂያ ነው፣ ዘይት ላይ አይዝም። ቢይዝም ልክ አያነብም። ምንም እንዳትቀባ አልተነገራትም?»

ሚጡ እህቷን ላለማሳጣት ወለሉን አየች።

«ተነግሯታል። እኔ ነኝ» አለች ይባረክ። «እንዳያቃጥላት ብዬ።»

«ምኑ?»

«ኤሌክትሪኩ።»

ልጁ ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ ፊቷን ሲያይ ግን መልሶ ዘጋው። «እናቴ፣ ይሄ መሣሪያ ኤሌክትሪክ አይሰጣትም። ከእሷ የሚወጣውን ነው የሚያዳምጠው። ጆሮ ማለት ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።»

ይባረክ ወደ ልጁ ተጠጋች።

«ሌላ ቀጠሮ መቼ ይገኛል?»

«ክረምቱ ካለፈ በኋላ።»

ክረምቱ ገና አልገባም ነበር። ሚጡ ደግሞ ባለፈው ሳምንት ብቻ ደጋግማ ወድቃለች።

ልጁ በሩ ላይ የተሰለፉትን አየ፤ ሰዓቱን አየ። «እነዚህን ከምሳ በፊት እጨርሳለሁ። እስከዚያ ፀጉሯ ጠርቶና ደርቆ ከመጣች እሠራታለሁ። ከምሳ በኋላ ክፍሉን ሌላ ሰው ይረከበኛል።»

ኮሪደሩ ላይ አንዲት አስታማሚ የሰማችውን ሰምታ፣ «መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ ቧንቧ አለ፣ ሂጂና ውሃ አፍስሺባት!» አለች። ይባረክ ግን ይቺን ታውቃታለች። ብዙ ዘይት የጠጣ ፀጉር ላይ መጀመሪያ ውሃ ያፈሰሰ ሰው ዘይቱን ቆለፈበት ማለት ነው። ዘይት በደረቁ ነው የሚያዘው። እህቷን እጇን ይዛ እየጎተተች ወደ በሩ ሮጠች፤ ለወላዶች ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ የሕፃን ፓውደር ገዛች፤ ከዚያ በሆስፒታሉ ምግብ ቤት ጓሮ ዞረች። እዚያ አንዲት ሴት እስከ ክርኗ አረፋ ውስጥ ገብታ ድስት ታጥባለች።

«እህቴ፣ በሞቴ፣ ሙቅ ውሃና የዕቃ ሳሙና።»

«ለምንሽ?»

«እህቴ ላይ ዘይት ተደፍቶባት፣ ምርመራው ሊያመልጣት ነው።»

«ማነው የደፋባት?»

«እኔው።»

«አንቺው ታመጪው አንቺው ታሮጪው!» አለች ሴትዮዋ፤ ወዲያው ግን በእግሯ የለስላሳ ሣጥን ገፍታ ገለበጠችላት። «አስቀምጫት። ውሃው እሳት ላይ ነው።»

ይባረክ ፓውደሩን ነሰነሰችው። በጣቷ እስከ ሥሩ እያሸች፣ መስመር መስመሩን እየከፈለች፣ ማታ ዘይቱን በሄደችበት መንገድ ሁሉ ተመልሳ ሄደችበት። ከዚያ ፓውደሩ እስኪጠጣው መጠበቅ ነበረባት። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

ሣጥኑ ላይ አንዲት አሮጊት ተቀምጣለች። ፀጉሯ ከሥር እስከ ጫፍ ነጭ፣ ቅንድቧ ላይ ሳይቀር የበነነበት።

ሚጡ በታጠበ ትልቅ ድስት ሆድ ላይ ራሷን አየች። «እትዬ! አረጀሁ!» አለች። የለመደባት ናት፣ ቀልድ አያልፋትም፤ ጀርባዋን አጎበጠች፣ እጇን አንቀጠቀጠች፣ ድምጿን አሰለለች። «እናንተ ልጆች፣ የልጅ ልጆቼን ጥሩልኝ። ያቺ ይባረክ የምትባል አሮጊት እህቴስ አለች? አሁንም ዘይት ታባክናለች?»

ድስት አጣቢዋ ከሳቅ ብዛት በክንዷ ዓይኗን ስትጠርግ አረፋውን ፊቷ ላይ ቀባችው። ይባረክም ሳቀች። እየሳቀች ሳለ ግን እናታቸው ትዝ አለቻት። እናታቸው አንድም ሽበት ሳታወጣ ነው የሞተችው። በዚያ ቤት ያረጀች ሴት ኖራ አታውቅም። ይቺ ባለ ነጭ ፀጉር፣ ሣጥን ላይ ተቀምጣ የምትሳለቅ የመጀመሪያዋ ናት።

«ምነው እትዬ፣ ምን ታያለሽ?»

«ምንም። ያምርብሻል።»

ፓውደሩን በማበጠሪያ አራገፈችው። የዕቃ ሳሙናውን ውሃ ሳታስነካ በደረቁ አሸችው። ከዚያ ሙቅ ውሃ ጠብ ጠብ አደረገችበት። ዘይት ያለበት ፀጉር አረፋ አይሰጥም፤ አልሰጠም። አለቀለቀች፣ ደገመች። ትንሽ ተነሣ። ስትሰልስ አረፋው በእጇ መሐል እንደ ጥጥ ቆመ። አንዲት ዘለላ በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ ታች ሳበቻት፤ «ጭይቅ» አለች። ጠርቷል! ድስት አጣቢዋ ንጹሕ ሽርጧን ወረወረችላቸው፤ ሚጡ ፀሐይ ላይ ቆመች፤ ሁለቱ ሴቶች ግራና ቀኝ ሆነው በትሪ አራገቡላት።

ልጁ የመጨረሻውን በሽተኛ ሲሸኝ ደረሱ። ጣቱን በፀጉሩ መሐል ሰደደ። አልተንሸራተተም።

«ግቢ» አላት።

ይባረክ ውጭ ቀረች። እጆቿን አየቻቸው፤ ተኮማትረው፣ ነጥተው፣ ዘይት የሚባል ነገር የነካቸው አይመስሉም።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ጆሮው ያዳመጠው ሌላ ምርመራ አስከተለ፤ ሌላው ምርመራ ጭንቅላቷ ውስጥ እባጭ አሳየ። ጥልቅ ቦታ ነው አሉ። ቢከፈትም ያስፈራል፣ ቢተውም ያስፈራል አሉ። ሚጡ «ይከፈት» አለች። የቀዶ ጥገናው ቀን ፀጉሯ መነሣት ነበረበት፤ ይባረክ ነርሶቹን ለምና መቀሱን ራሷ ያዘች። ያን ፀጉር እስከ ዛሬ ከሁለቱ ሌላ አብጥሮት አያውቅም፤ አሁንም ሌላ አይቆርጠውም። ሚጡ አልጋው ላይ ተቀምጣ፣ ጀርባዋን ሰጥታ፣

«እትዬ፣ ዛሬ ዘይት የለም አይደል?» አለች።

«የለም።»

«ማይልኝ።»

«እናታችንን» አለች ይባረክ፤ መቀሱም መሥራት ጀመረ።

ሚጡ ከቀዶ ጥገናው ክፍል በሕይወት አልወጣችም።

ይባረክ ወደ ሥራዋ ስትመለስ የፀጉር ቤቱ ባለቤት አቅፋት አለቀሰች፤ ጫማ ሰፊው ቆቡን አውልቆ በሩ ላይ ቆመ። ጥቂት ቀን ማጠብ ብቻ ሠራች። የዘይቱን ጠርሙስ እንደገና ስታነሣ ያቺ ጥያቄ ከአፏ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ አልተለየቻትም። ብዙ ሌሊት የሚያንገበግባት ዘይቱ አይደለም። ዘይቱ ወጥቶ ሚጡ ያን ዕለት ተመርምራለች። የሚያንገበግባት እሷ የፈራችው ሽቦውን መሆኑ ነው። ሽቦው ምንም አላደረጋትም፤ የሚፈራው ውስጥ ነበር፣ ዘይት በማይደርስበት።

አሁንም በየቤታቸው ዘይት ራሳቸው ተቀብተው መጠኑን የሚያሳልፉ አሉ። ፎቶ ሊነሡ፣ ለሥራ ሊፈተኑ ሲሉ ፀጉራቸው ግንባራቸው ላይ ተለጥፎ፣ ኮሌታቸው ወይቦ፣ «ይባረክ፣ ድረሽልኝ!» እያሉ ይገባሉ። እሷ አትስቅባቸውም። መስታወቱ ፊት ታስቀምጣቸዋለች፤ ፓውደሩን ትነሰንሳለች፤ እስከ ሥሩ ታሻለች። ልጃገረዶቹ መስታወቱን አይተው «ውይ፣ አያቴን መሰልኩ!» እያሉ ይንፈቀፈቃሉ።

ፓውደር ዘይቱን ለመጠጣት ብዙ አይፈልግም። ባለቤቷ ከካስኩ ሥር ሆና፣ «ይባረክ፣ በቃው እኮ፣ ጠጥቶታል» ትላታለች።

«ትንሽ ይቆይ» ትላለች ይባረክ፤ ማበጠሪያውን ደረቷ ላይ ይዛ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብላ፣ መስታወቱን እያየች።