የዛህራ ቴፕ ትራንዚስተሮች

ትናንት ሐይቅ ከተማ፣ ስልክ ጠጋኙ ጋ ቆሜ፣ ትራንዚስተር ሲቃጠል ሸተተኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

ከብዙ ዓመት በፊት ፊደል ያልቆጠርኩ ጎረምሳ ነበርኩ። የከተማው ሬዲዮ ጠጋኝ ጋሽ ይመር፣ «ያለ ሽቦ አምፖል የሚያበራ ኮይል ሠርተህ ካሳየኸኝ ሥራ እሰጥሃለሁ» አለኝ። ሲቀልድ ይሁን ሲምል አላወቅኩም፤ እኔ ግን ሌላ እንጀራ አልነበረኝም። ከተቃጠለ የወፍጮ ሞተር ሽቦ ፈትቼ ቧንቧ ላይ ጠመጠምኩ። ኮይሉን የሚነዱ ትልልቅ ትራንዚስተሮች ግን የትም አጣሁ። የነበሩት እህቴ ዛህራ ከጅዳ በላከችው፣ በተበላሸው ቴፕ ውስጥ ነው። እኛ ዘንድ ልጅ ከዐረብ አገር የላከችው ዕቃ ቢሞትም አይፈታም፤ ጥልፍ ለብሶ ይቀመጣል። የዛህራም ወሬ ከጠፋ ቆይቶ ነበር።

«እማ፣ ልፍታው?» አልኳት።

«እሷም ዝም፣ እሱም ዝም። ፍታው።»

ትራንዚስተሮቹን አውጥቼ ከኮይሉና ከመኪና ባትሪ ጋር አገናኘሁ። ኮይሉ ተንጫረረ፤ እማ የያዘችው ረጅም ነጭ አምፖል እጇ ላይ ቦግ አለ።

«ያረቢ! መብራቱ ያለ ሽቦ ከሄደ ጅዳ አይደርስም?»

«ከክንድ አያልፍም» አልኳት።

አላመነችኝም። አምፖሉን እንደያዘች ወደ በሩ ሄደች። ደጃፉ ሳትደርስ ጠፋባት።

«ጨምርበት» አለችኝ።

ሌላ ባትሪ ጨመርኩ። ትራንዚስተሮቹ ጨሱ። ለጋሽ ይመር የማሳየው ነገር አልቀረኝም።

«ምነው ጋሼ፣ አመመህ?» አለኝ ትናንት ስልክ ጠጋኙ። አጠገቤ አንዲት እናት የተጠገነ ስልኳን አፏ ላይ ደቅና፣ «ጅዳ ይሰማል? ልጄ፣ ትሰሚኛለሽ?» ትላለች። ልጅቷ መለሰችላት። እኔ ወጣሁ።