ድንጋይ የሞረደው ጣት

ጉለሌ ውስጥ ለመታወቂያ ተሰልፌ ሳለ ከፊቴ የነበሩት ሰውዬ ስድሳ ዓመት ግድም ይሆናቸዋል። ኮታቸው ንጹሕ ነው፤ እጅጌው ጫፍ ላይ ብቻ ነጭ ብናኝ አለ። የጣት አሻራ ማንሻው ጣታቸውን አላነብ አለ። በመሀረብ ጠርገው ቢደግሙም እምቢ አለ።

"አባባ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?" አለቻቸው መዝጋቢዋ።

"ኦፓል የሚባለውን የጌጥ ድንጋይ እሠራለሁ፣ ልጄ። ከወሎ ተቆፍሮ ጥሬው ይመጣልኛል፤ እቆርጠዋለሁ፣ እሞርደዋለሁ፣ እስኪያበራ አለሰልሰዋለሁ። አሥራ አምስት ዓመት ስሞርድ ጣቴም አብሮ አለቀ መሰለኝ።"

"ግድ የለም፣ በዓይንዎ እንመዘግብዎታለን። ለባለቤትዎስ ቀለበት አሠሩላቸው?"

"ኧረ ከየት አምጥቼ! ከእጄ ሲወጣ የነጋዴ ነው። ቀለበት ላይ ተቀምጦ አንድም ቀን አይቼው አላውቅም።"

ልጅቷ ቀለበቷን አውልቃ መዳፋቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። የኦፓል ፈርጥ ነበረበት። ሰውዬው ወደ መስኮቱ ዞረው ቀስ ብለው አገላበጡት፤ ፈርጡ ውስጥ አረንጓዴና ቀይ ብርሃን ተንቀሳቀሰ።

"ለካ እንዲህ ነው የሚሆነው" አሉ።