ጋሽ ወርቁ የማይክራፎኑን ቁልፍ ሳይጫኑ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጋሽ ወርቁ ያሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እዚያ ወንበር ላይ ተቀመጪ፣ ምንም አትንኪ።» ኤሌክትሮኒክስ ተምሬ፣ መበየጃዬን በቦርሳ ይዤ ነበር የሄድኩት። ቀኑን ሙሉ እንደ እንግዳ ተቀምጬ ዋልኩ።

ቦታው አዳማ ያለ አንድ የአማተር ሬዲዮ ክበብ ነው። አማተር ማለት ለፍቅር ብሎ የሚሠራ ሰው ነው፤ ደሞዝተኞቹ እኔና ጋሽ ወርቁ ብቻ ነበርን። እሳቸው ኦፕሬተር፣ እኔ ቴክኒሻን። ከከተማው በላይ ካለው ኮረብታ ላይ ሪፒተራችን ቆሟል፤ ከመቂና ከዓለም ጤና የሚመጣውን ደካማ ድምፅ ተቀብሎ፣ አጠናክሮ መልሶ ይለቀዋል። ቢሯችን ያለው ኮምፒውተር ንግግሩን ሁሉ ይቀዳል። ሰው መናገር ሲጀምር ሶፍትዌሩ ቀረጻ ይጀምራል፣ ዝም ሲባል ያቆማል።

ጋሽ ወርቁ በጦር ሠራዊት ሬዲዮ ክፍል ያረጁ ሰው ነበሩ። አየር ላይ ቃል ማባከን አይወዱም። ከመቂ አባላት ጋር ሲገናኙ በኦሮምኛ «አካም ጂርቱ?» ብለው ሰላም ካሉ በኋላ ቀጥታ ወደ ጉዳዩ ነው። እኔ አንቴና ልጠግን ወጥቼ፣ በዚያ የስምጥ ሸለቆ ንፋስ ምሰሶ ላይ ተንጠልጥዬ ውዬ፣ «ተስተካክሏል» ብዬ ሪፖርት ሳደርግ መልሳቸው ሁልጊዜ ያው ነው፦ «ተቀብያለሁ። ጨርሰሽ ተመለሺ።»

አንድ ቀን ተናድጄ፣ «ጋሼ፣ ጎበዝ ቢሉኝ ምን ይጎድልብዎታል?» አልኳቸው።

«የሚሠራ ሬዲዮ ራሱ ይናገር የለም እንዴ?» አሉኝና ጋዜጣቸውን ገለጡ።

ዓመታት አብረን ሠራን። ያቺን አንዲት ቃል ግን ሳልሰማ ታመሙ፣ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ከለቅሶ መልስ ቢሮ ስገባ ወንበራቸው ላይ መቀመጥ አቃተኝ። ናፈቁኝ። ኩርፊያቸው ሳይቀር ናፈቀኝ።

ከሐዘኑ በኋላ ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ መጡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በር ላይ እንደቆሙ፣ «ልጄ፣ ንግግሩ ሁሉ እዚህ ይቀዳል አሉኝ። ድምፁን ብቻ ስጪኝ» አሉ።

«ምን ችግር አለ፣ ይግቡ» ብዬ፣ የቆየው ዲስኩ ሲሞላ ስለሚጠፋ የቀሩትን የመጨረሻዎቹን ወራት ፋይሎች ከፈትኩ። የመጣው የአየር ማራገቢያ ጩኸት ነው። የአባላቱ ድምፅ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል፤ ምን እንደሚሉ አይለይም። የጋሽ ወርቁ ድምፅ ገና ሳይመጣ እትዬ አልማዝ አንገታቸውን ደፉ። አፈርኩ፤ «ነገ እቤት ይዤልዎት እመጣለሁ» ብዬ ሸኘኋቸው።

የክበቡ ሊቀመንበር አቶ ዳዊት አጠገቤ ቆመው ይሰሙ ነበር። «ይሄ ምኑ ቀረጻ ነው? ዲስኩም ሞልቷል። የእነዚህን ወራት ጠቅላላ አጥፊና ሶፍትዌሩን እንደ አዲስ ጫኚው» አሉ።

«መጀመሪያ ችግሩን ልየው» አልኳቸው።

«እስከ ማታ» ብለው ወጡ።

እንደ ልማዴ ከገመድ ጀመርኩ። ከሬዲዮው ወደ ኮምፒውተሩ የሚሄደውን ገመድ ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። የድምፁን መጠን ዝቅ ከፍ አደረግሁ፤ ያው ነው። በመጨረሻ ገመዱን ጭራሽ ነቀልኩትና ሳልኩ። የድምፅ መለኪያው ዘለለ! ገመድ ሳይኖር ሳሌን ከየት ሰማው? ያኔ ገባኝ። ኮምፒውተሩ ራሱን ሲያድስ ምርጫውን ለውጦ ኖሯል፤ ይቀዳ የነበረው ከሬዲዮው ገመድ ሳይሆን ከገዛ ራሱ ማይክራፎን ነው። በእነዚያ ወራት የተቀዳው ሬዲዮው ሳይሆን ክፍላችን ነበር።

ማጥፋቱን ተውኩና ጆሮ ማዳመጫ አድርጌ ቁጭ አልኩ። የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል። የወንበራቸው ሲጢጥታ ይሰማል። ሰው በሬዲዮ ሲያወራ እሳቸው በአፍንጫቸው መዝሙር ያዜማሉ። አንዱ አባል ንግግሩን ሲያስረዝም፣ «በል አሳጥረው እንግዲህ» ይላሉ፤ ቁልፉን ስላልተጫኑ እሱ አይሰማቸውም።

ከዚያ ዓለም ጤና የሄድኩበት ቀን ደረሰ። የራሴ ድምፅ ከሬዲዮው ድምፅ ማጉያ ርቆ ይመጣል፦ «አንቴናው ቆሟል፣ ምልክቱ ደህና ነው።»

ጋሽ ወርቁ ጠረጴዛውን ሲመቱት ተሰማኝ። «ጎሽ! ጎሽ የኔ ልጅ! በዚህ ንፋስ ወጣችው እኮ!»

ቀጥሎ የማይክራፎኑ ቁልፍ ቀጭ አለ። «ተቀብያለሁ። ጨርሰሽ ተመለሺ።»

መልሼ መላልሼ ሰማሁት። አለቀስኩ። አቶ ዳዊት ሲመለሱ «አጠፋሽው?» አሉኝ። ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረግሁላቸው። ሰምተው ሲያበቁ ቀስ ብለው አውልቀው፣ «ዲስክ ይገዛል» አሉ።

በማግስቱ በፍላሽ ገልብጬ እትዬ አልማዝ ቤት ወሰድኩት። መዝሙሩን ሲሰሙ እንባቸው ወረደ። «ጎሽ የኔ ልጅ» የሚለው ጋ ሲደርሱ ግን ሳቁ።

«እንዲህ ነው እሱ! እኔን ለጎረቤት ነበር የሚያመሰግነኝ። አንቺን ደግሞ ለባዶ ክፍል። በይ ድገሚልኝ።»

ደገምኩላቸው።

ማስተካከያው አንድ ምርጫ መለወጥ ብቻ ነበር። ቀረጻችን አሁን ጥርት ያለ ነው፤ የክፍሉ ድምፅ ከእንግዲህ አይገባበትም። እናንተ ተረካቢዎቼ፣ ቀረጻ ተበላሸ ስትባሉ መጀመሪያ አዳምጡት፤ ቅጂ ሳታስቀሩ አንድም ፋይል አታጥፉ።